ሳይቀመጡ እስከ ቤይፊልድ

የመጀመሪያው ሽምግልናዬ የፈረሰው በወንበር ነው።

ወንበሩ ብሩክሊን ሴንተር፣ ላገባት የምፈልጋት የዳራርቱ አክስት ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። ቡናማ ነው፣ ሰፊ ነው፣ በቀኝ ጎኑ እጀታ አለው። ከሽማግሌዎቼ አንዱ ጋሼ አለልኝ ያን ቀን ከንጋት ጀምሮ በታክሲያቸው ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ ነው የዋሉት። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ፣ እህል ውሃም እንደማይቀምስ አሳምረው ያውቃሉ፤ እንዲያውም ለሌላው የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ወግ የሚያውቀው ግን ጭንቅላታቸው ነው እንጂ ወገባቸው አይደለም። ወገባቸው ወንበሩን አየና ሄደ። እጃቸውም ምን እንደነካ ሳያውቅ እጀታውን ሳበ።

የእግር ማሳረፊያው ተፈናጥሮ ወጣ። ጋሼ አለልኝ ተንጋለሉ። ሁለት እግራቸው ሽቅብ ተነሳና ፊት ለፊት በተቀመጡት በልጅቷ አባት፣ በአቶ ጎንፋ አገጭ ትክክል ላይ ቆመ። የግራው ካልሲ ቀዳዳ ነበረው። በቀዳዳው አውራ ጣታቸው ብቅ ብሎ አማች የሚሆኑትን ሰው ተመለከተ።

አቶ ጎንፋም ጣቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ለልጄ አሥር ደቂቃ መቆም ያቃተው ሽማግሌ ልጄን አይጠይቀኝም» አሉ በመጨረሻ። «ቁሙና ሂዱ።»

መቆሙም ቀላል አልነበረም። ጋሼ አለልኝን ከዚያ ወንበር ለማውጣት ሁለት ሰው ፈጀ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ መንገዱ ማዶ መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ። ሙሽራ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይገባም። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አንገታቸውን እንዳቀረቀሩ አየሁ፤ የጋሼ አለልኝ ጫማ ደግሞ በእጃቸው ነበር።

ጌዲዮን እባላለሁ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። የምሠራው ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ነው። ሰዎች ይደውሉና ምን እንደተሰበረባቸው ይነግሩኛል፤ እኔ ደግሞ ድሮውኑ ተሰብሮ እንደነበር በትሕትና እጠይቃቸዋለሁ። ከዳራርቱ ጋር የተዋወቅነውም በዚሁ ነው። ኩን ራፒድስ አካባቢ ስትነዳ ከአጋዘን ጋር ተጋጭታ ደወለች። በወግ በወጉ ጥያቄዬን ጀመርኩ፤ ፍጥነትሽ ስንት ነበር፣ ስልክ ይዘሽ ነበር ወይ። ስሜን ደግሜ ስነግራት ቋንቋ ቀየረች።

«ሀበሻ ነህ አይደል? በናትህ ስማኝ። እኔ ቆሜ ነበር። አጋዘኑ ነው መጥቶ የገጨኝ። አይ ስዌር።»

በሰባት ዓመት ሥራዬ ሳልጠራጠር ያመንኩት የመጀመሪያው ደንበኛ እሷ ናት።

ዳራርቱ ሴንት ፖል ነርስ ናት። እዚሁ ሚኒሶታ ስለተወለደች አማርኛዋ መንገድ ላይ እንግሊዝኛ ያሳፍራል። በሁሉም ነገር የዘመኑ ሰው ናት፤ በአንድ ነገር ግን ከአያቶቼ ትብሳለች። «ዳድ ኖ ካለ ኖ ነው» አለችኝ ወንበሩ ጉድ በሠራን ማግስት። «እናቴ ከሞተች ጀምሮ እሱና እኔ ብቻ ነን። ሳይመርቀኝ አላገባም። ሌላ አንድ ቻንስ ሰጥቷችኋል። አንድ ብቻ። ከዚያ በኋላ አትጠይቁኝ ብሏል፤ ዳድ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም።»

አቶ ጎንፋ በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ኋላ በስደት ዞረው ዞረው ሚኒያፖሊስ ገቡና አሥር ዓመት ሙሉ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ቆረጡ። አንድ ሰመር ቤተ ክርስቲያናቸው ለፒክኒክ ሱፒሪየር ሐይቅ ድረስ ወሰዳቸው። «ሰው ለፒክኒክ ሄዶ ጃኬት ይረሳል» ትላለች ዳራርቱ፤ «ዳድ ራሱን ረሳ።» ሚስታቸው ሲሞቱ ልጃቸውን ይዘው ቤይፊልድ የምትባል የድሮ ወደብ ከተማ ጠቅልለው ገቡ፤ እስከ ዛሬ የጀልባ ሸራ እየሰፉ እዚያው ይኖራሉ።

መልእክታቸው በሐምሌ መጨረሻ ደረሰን። «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ዋሽበርን ጀልባ ማቆሚያ እጠብቃለሁ። ሽማግሌ የምቀበለው በቤቴ ነው። ቤቴ ቤይፊልድ ነው። ከዋሽበርን ቤይፊልድ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው፤ እናንተ ግን በጀልባዬ ነው የምትመጡት። ጀልባዬም ቤቴ ናት። መልሴን ቤይፊልድ ስንደርስ እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት የተቀመጠ ካለ ጉዳዩ በዚያው አበቃ።»

አነበብኩላቸው። ጋሼ አለልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጀልባ ላይ ቆመን?»

«ቆማችሁ።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«እንደ ነፋሱ ነው ይላል።»

«ይህ ሰው ልጁን ነው የሚድረው ወይስ እኛን ነው የሚቀብረው?» አሉ ጋሼ መገርሳ።

ጋሼ መገርሳ ፍሮግታውን ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ቁመታቸው በር ይሞላል፣ ሆዳቸው ከቁመታቸው ቀድሞ ይገባል። ሦስተኛው ሽማግሌ ጋሽ ደጀኔ «ኦቨርታይም ገብቼአለሁ» ብለው ቀሩ፤ ኦቨርታይማቸው ጀልባ ሲባል ነው የመጣው። በእሳቸው ቦታ እትዬ እታፈራሁ ተተኩ። ጋሼ አለልኝ ሴት ሽማግሌ ብሎ ነገር አልሰማሁም ብለው ለማንገራገር ሞክረው ነበር።

«አንተ እኮ ተንጋልለህ ነው የጠየቅከው!» አሉ እትዬ እታፈራሁ። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ነርሲንግ ሆም ውስጥ መቆም ያቃተውን ሰው ሳቆም ነው የኖርኩት። እናንተን ማቆም ያቅተኛል?»

ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ሴትና ወንድ አላነሳም።

አንድ ችግር ቀረ። አራት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ማን ይነዳል? ጋሼ አለልኝ በዕረፍት ቀናቸው መሪ አይጨብጡም። እትዬ እታፈራሁ ሃይዌይ ይፈራሉ። ጋሼ መገርሳ ይነዳሉ፣ ግን እንቅልፋቸውም አብሮ ይነዳል። ስለዚህ በወግ ድርሽ ማለት የሌለብኝ እኔ ሾፌር ሆንኩ። እትዬ እታፈራሁ ጥቁር መነጽር ሰጡኝ። ቢጫ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፋሁ።

«ስምህ ደረሰ ነው» አሉኝ። «ከተጠየቅህ የኔ የእህት ልጅ ነህ። አትናገር፣ አትሳቅ፣ ስለ ኢንሹራንስ አታውራ።»

ሙሉውን መንገድ ጋሼ አለልኝ በቅዱስ ገብርኤል፣ ጋሼ መገርሳ በጌታ ስም ስለ ነፋሱ ጸለዩ። አንዱ «ጸጥ ይበል» ሲሉ ሌላው «ቶሎ ያድርሰን» ይላሉ። ሁለቱ ጸሎቶች መንገድ ላይ እንዳይጋጩ ፈራሁ።

አቶ ጎንፋ ጀልባ ማቆሚያው ዶክ ላይ ቆመው ጠበቁን። ቀጭን ናቸው፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው፣ ሪዛቸው ነጭ። ጀልባዋ ከኋላቸው ትወዛወዛለች፤ ነጭ ናት፣ ጠባብ ናት፣ አንድ ረጅም ምሰሶ አላት፣ በጎኗ በአማርኛ «ማሚት» ተብሎ ተጽፎባታል። የሟች ሚስታቸው ስም ነው። ሞተር የላትም። ሞተር የሚያስፈልገው ነፋስ ለማያውቅ ሰው ነው ይላሉ።

«ይህስ?» አሉ ወደ እኔ አገጫቸውን ቀስረው።

«ሾፌራችን ነው። ደረሰ ይባላል» አሉ እትዬ እታፈራሁ። «ሥራ ስለሌለው እዚሁ መኪና ውስጥ ይጠብቀናል።»

«ሥራ ከሌለውማ ይግባ። ገመድ የሚስብልኝ ሰው አጥቻለሁ።»

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ኮፍያዬ ላይ ትንሽ ቆዩ። ላይፍ ጃኬት ለሁላችንም አደሉና፣ ለጋሼ መገርሳ የሚሆን ስለጠፋ ሁለቱን በገመድ ቀጥለው አለበሷቸው።

ሸራው ሲወጣ ዐይቼ የማላውቀው ነገር ሆነ። ያ የተጨማደደ ጨርቅ በአንድ ጊዜ ነፋስ ጠጥቶ ጠገበ፤ ጀልባዋም አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሴት ቀና ብላ ሄደች። ድምፅ የለም። ውሃው ብቻ ከሥራችን ይንሾካሾካል። እኔ ውሃ እፈራለሁ፤ የገንዳ ውሃም እፈራለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ለአንድ አፍታ መፍራቴን ረሳሁት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ከአቶ ጎንፋ ፊት ተደርድረው ቆሙ። በግራና በቀኝ ትራስ የተነጠፈባቸው፣ የሚጋብዙ አግዳሚዎች ነበሩ። አቶ ጎንፋ የመሪውን ዘንግ ይዘው በምቾት ተቀምጠዋል፣ ከሥራቸው ሣጥን አውጥተው በጭስ ያደረቁትን ዓሣ በዳቦ እየገመጡ።

«አትቀመጡም?» አሉ ፈገግ ብለው።

«ለጉዳይ ነው የመጣነው» አሉ ጋሼ አለልኝ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«ዓሣስ? ትናንት የተያዘ ነው።»

«አንቀምስም።»

ጋሼ መገርሳ ዓሣውን በዐይናቸው ሸኙት።

«ያማረ ባሕር ነው» አሉ አቶ ጎንፋ እያኘኩ።

«ሐይቅ ነው» አሉ ጋሼ አለልኝ።

«ባሕር ነው። ማዕበል አለው፣ መርከብ አለው፣ ወደብ አለው፣ የሰመጠ ሰው አለው። ጨው ብቻ ነው የቀረው።»

«ጨው የሌለው ወጥ ምን ይባላል?»

«የስኳር በሽተኛ ምሳ» አሉ እትዬ እታፈራሁ። «አሁን ዝም በሉና ሚዛናችሁን ጠብቁ።»

ልክ በዚህ ጊዜ አቶ ጎንፋ ዘንጉን ወዲያ ገፉት። ሸራውን ከሥሩ የሚይዘው ረጅም አግዳሚ እንጨት ከግራ ወደ ቀኝ ተወረወረ። ጋሼ አለልኝ ጎንበስ አሉ። እትዬ እታፈራሁ ድሮም አጭር ናቸው። ጋሼ መገርሳን ግን ባርኔጣቸውን መታና ውሃው ላይ ጣለው። ባርኔጣው እያየነው ወደ ሚሺጋን ሄደ።

«ኧረ ጎንፋ!» አሉ ጋሼ መገርሳ ራሳቸውን ይዘው። «ሰው መግደል ነው የጀመርከው?»

«የሚቀመጥ ሰው አይመታውም» አሉ አቶ ጎንፋ። «ይህ እንጨት የሚፈልገው የቆመ ሰው ነው።»

እዚህ ላይ እትዬ እታፈራሁ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ውስጡ መክሰስ መስሎኝ ነበር። አራት ሰፋፊ የጨርቅ ቀበቶዎች አወጡ፤ በሥራ ቦታ በሽተኛ ወገብ ላይ አስረው ከአልጋ የሚያነሱባቸው፣ ዘለበታቸው እንደ ወታደር ትጥቅ የሚብረቀረቅ።

«ኑ ወደዚህ!» አሉ። ሁለቱን ሽማግሌዎች እየገፉ ከእንጨቱ ፊት አሳለፉና ወደ ምሰሶው ወሰዷቸው። «ጀርባችሁን ለምሰሶው ስጡ። መገርሳ፣ ትንፋሽህን ዋጥ። ዋጥ አልኩህ! ሆድህን ማለቴ ነው።» ለጋሼ መገርሳ ሁለት ቀበቶ ቀጠሉ። ለጋሼ አለልኝ አንድ በቃ። በመጨረሻው ራሳቸውን አሰሩ። ሦስቱም በአንድ ምሰሶ ዙሪያ፣ ፊታቸውን ወደ ሦስት አቅጣጫ አዙረው፣ ለገበያ እንደታሰረ ዶሮ ቆሙ።

አቶ ጎንፋ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ይህ ወግ ውስጥ አለ?»

«ቆመናል አልቆምንም?» አሉ እትዬ እታፈራሁ።

«ቆማችኋል።»

«እንግዲያው ይንዱ።»

አቶ ጎንፋ ሳቃቸውን በዓሣ አፈኑት። እኔም ወደ ውሃው ዞሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው አንድ ሰዓት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ያማረ ነበር። ቀይ ገደል፣ ጥድ፣ ሰማይ። ጋሼ አለልኝ ነፋሱ ፊታቸውን ሲመታቸው ቀስ በቀስ ፈገግ አሉና፣ ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያመላልሱ አንድም ቀን ራሳቸው ተሳፋሪ ሆነው እንደማያውቁ ተናገሩ። ጋሼ መገርሳ መዝሙር ጀመሩ። ጋሼ አለልኝ መዝሙሩን አያውቁትም፤ ግን ሲደጋገም አዝማቹን ያዙት። እትዬ እታፈራሁ ከወዲያ በኩል በጭብጨባ ተቀበሉ። አንድ ሌላ ጀልባ በአጠገባችን ሲያልፍ የተሳፈሩት ፈረንጆች ምሰሶ ላይ ታስረው የሚዘምሩ ሦስት ሀበሾች አይተው እጃቸውን ለማውለብለብ አመነቱ። አቶ ጎንፋ «ፋሚሊ!» ብለው ጮሁላቸው።

ፋሚሊ ማለታቸውን ልብ ብያለሁ። ጮቤ ረገጥኩ፤ በልቤ ነው እንጂ በእግሬማ ገመድ እየረገጥኩ ነበር።

ጥግ ዞረን ቤይፊልድ ስትታይ ነፋሱ ተለወጠ። ውሃው ጠቆረ። ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተኛች፤ ሦስቱ ሽማግሌዎችም ከምሰሶው ጋር አብረው ተጋደሙ። መዝሙሩ በአዝማቹ መካከል ተቆረጠ።

«ሸራው መውረድ አለበት!» አሉ አቶ ጎንፋ። ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ፤ ሌላ ሰው፣ ወታደር ሆኑ። «ደረሰ! ወደ ምሰሶው ሂድ። ሸራውን የያዘው ገመድ እዚያ ነው የታሰረው። ፍታው!»

በአራት እግሬ ሄድኩ። ገመዱን ፈለግሁ። ገመዱ ምሰሶው ላይ ባለ ብረት ተጠምጥሟል፤ ብረቱ ያለው በትክክል በጋሼ መገርሳ ጀርባ ሥር ነው። እጄ አይገባም። ደግሜ ሞከርኩ። ሉክ ወረቀትም አይገባም።

«ጋሼ ጎንፋ! ሰውዬው ገመዱ ላይ ናቸው!»

«ፍታቸውና ይቀመጡ! ሁላችሁም ተቀመጡ!»

«አንቀመጥም!» አሉ ጋሼ አለልኝ።

«ምን?»

«አንቀመጥም! መልሳችን ሳይሰጠን አንቀመጥም!»

«ሰውዬ፣ ጀልባዋ ትገለበጣለች!»

«ልጅዎን ለልጃችን ሰጥተውናል?» አሉ እትዬ እታፈራሁ ከማዶ በኩል።

«ወይዘሮ፣ ይህ የሽምግልና ሰዓት አይደለም!»

«እርስዎ ነዎት ሰዓቱን የቆረጡት። ሰጥተውናል አልሰጡንም?»

«ይህ ሽምግልና አይደለም፣ ጠለፋ ነው!» አሉ አቶ ጎንፋ። «እኔ በጠመንጃ ተገድጄ ያልተናገርኩ ሰው ነኝ! መልሴ ቤይፊልድ ነው፣ ቤይፊልድ!»

«እንግዲያው ቆመን ቤይፊልድ እንገባለን» አሉ ጋሼ አለልኝ። ጸጥ ብለው ነው ያሉት። ፊታቸውን አየሁት፤ ያ ወንበር ያመጣባቸውን ኀፍረት ለመመለስ እዚያው ሊቀሩ ቆርጠዋል። ጋሼ መገርሳ ዐይናቸውን ጨፍነው በኦሮምኛ ይጸልያሉ። አንድ ማዕበል ጎናችንን አልፎ እስከ ጉልበታቸው አለበሳቸው።

ሥራዬን ታውቃላችሁ። ምን እንደሚሰበር አስቀድሜ የማየት ልማድ አለብኝ። በአንድ ቅጽበት ሁሉንም አየሁት፤ የጋሼ አለልኝን ወገብ፣ የጋሼ መገርሳን ጉልበት፣ እንጀራቸው የቆመበትን የእትዬ እታፈራሁን እጅ። በሌላ በኩል ዳራርቱን አየሁ። አንድ ቻንስ ብቻ።

መነጽሬን ጣልኩት።

«ጋሼ አለልኝ! ተቀመጡ! እትዬ፣ ይፍቷቸው!»

«አንተ ዝም በል፣ ሾፌር ነህ!» አሉ እትዬ እታፈራሁ።

«ሾፌር አይደለሁም! ሠርጉ የኔ ነው፤ ይቅርብኝ! ለኔ ተብሎ አንድ ሰው እንዲሰምጥ አልፈልግም። በቃ ተቀመጡልኝ!»

ጋሼ አለልኝ ትክ ብለው አዩኝ። እትዬ እታፈራሁ ዘለበቶቹን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረጓቸው። ሦስቱም ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ገመዱን ፈታሁት። ሸራው እንዳለ ራሴ ላይ ወረደ። ነፋሱ መልሶ እንዳያነሳው በሁለት እጄ አቀፍኩት፣ ጀርባዬን ለምሰሶው ሰጥቼ፣ እግሬን ከፍቼ ቆምኩ። አፌ ውስጥ ሸራ ነበር። ጀልባዋ ቀስ ብላ ቀና አለች። አቶ ጎንፋ ከፊት በቀረችው ትንሽ ሸራ ብቻ እየመሩ ወደ ወደቡ አቀኑ።

ቤይፊልድ ወደ እኛ መጣች። ነጫጭ ቤቶች ተዳፋቱን ተደግፈው ወደ ውሃው ያያሉ፣ ከመካከላቸው ቡናማ ድንጋይ የለበሱ የድሮ ሕንጻዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ሌላ ቀን ቢሆን እንዴት ያለች ከተማ ናት እል ነበር። እኔ ግን የማየው ዶኩ ላይ የቆመችውን ዳራርቱን ብቻ ነው። እጇን ታውለበልባለች። እኔ ሸራ ስላቀፍኩ አላውለበለብኩም፤ ባላቅፍም አላውለበልብም ነበር።

ጀልባዋ ታሰረች። ወረድን። ጋሼ አለልኝ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ፤ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩብህ» አሉኝ።

«ጌዲዮን? ዋት ሃፕንድ?» አለች ዳራርቱ። «ለምን ረጠብክ? ለምን አንተ መጣህ?»

«ቆይ» አሏት አባቷ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ከመድረሳችን በፊት ተቀምጣችኋል።»

«ተቀምጠናል» አሉ ጋሼ መገርሳ።

«ቃሌ ምን ነበር?»

«የተቀመጠ ካለ ጉዳዩ አበቃ።»

«ዳድ፣ ስቶፕ» አለች ዳራርቱ። ድምፅዋ ተሰበረ።

«የናንተ ጉዳይ አብቅቷል» አሉ አቶ ጎንፋ። «ሦስታችሁም ተቀምጣችኋል፤ በዐይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን» ጣታቸውን አነሱ፤ «ከመርከቤ ላይ አንድ ሰው አልተቀመጠም። ከዋሽበርን እስከ እዚህ አንዴም ሲቀመጥ አላየሁም። በአራት እግሩ ሲሄድ አይቻለሁ፤ እሱ መቀመጥ አይደለም። ሸራዬን አቅፎ እስከ ወደብ ቆሞ ገባ። ሾፌር! ደረሰ ነው አይደል ስምህ? እስቲ አንተ ጠይቀኝ።»

ወደ እትዬ እታፈራሁ ዞርኩ። «እ... ሙሽራ ለራሱ አይጠይቅም። ነውር ነው።»

«ማን ሙሽራ አለ?» አሉ እትዬ እታፈራሁ ክርናቸውን ጎኔ ውስጥ እየከተቱ። «ይህ የእህቴ ልጅ ደረሰ ነው።»

«እኔ የማውቀው ሾፌሩን ነው» አሉ ጋሼ አለልኝ ፈጥነው።

«ጌታ ምስክሬ ነው» ብለው ጋሼ መገርሳ ጀመሩና፣ ሊዋሹ መሆኑ ትዝ ሲላቸው፣ «ዛሬ ነድቶ ያመጣን እሱ ነው» ብለው ጨረሱ።

አቶ ጎንፋ እጃቸውን አጣመሩ። «እሺ ደረሰ። ጉዳያችሁ ምንድን ነው?»

ዳራርቱ በእጇ አፏን ያዘች። እኔ ውሃ እያንጠባጠብኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «ልጅ... ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ዳራርቱን። ለልጃችን ለጌዲዮን።»

«ታውቀዋለህ?»

«በመጠኑ።»

«ጠባዩ እንዴት ነው? ውሸት ካለበት ጀልባዋ ይቻትና እመልስሃለሁ።»

ጭንቅላቴ ባዶ ሲሆን አፌ የለመደውን ጀመረ፤ የሥራ ድምፄ መጣ። «በመጀመሪያ፣ ቀደም ሲል የነበሩ ጉድለቶችን ላሳውቅ። ሳህን ያጥባል፣ ድስት ግን ለነገ ያሳድራል። ያንኮራፋል፤ አላንኮራፋም ብሎም ይከራከራል። ውሃ ይፈራል።»

«ውሃ ይፈራል? ዛሬስ?»

«ዛሬም በጣም ፈርቷል። ማለቴ... እዚህ ቢኖር ኖሮ።»

ጋሼ መገርሳ ሆዳቸውን ይዘው ዞሩ።

«ደግ ነገር የለውም ወይ?» አሉ አቶ ጎንፋ።

አሰብኩ። «አንድ አለው። አጋዘን መጥቶ ገጨኝ ስትለው አምኗታል። ምንም ሳይጠይቅ። ወደፊትም የምትለውን ሊያምን አስቧል፤ ምንም ያህል አጋዘን ቢበዛበት።»

ዳራርቱ ስታለቅስ ሳቀች፤ ወይም ስትስቅ አለቀሰች።

አቶ ጎንፋ ለጥቂት ጊዜ ወደ ጀልባዋ፣ ጎኗ ላይ ወደ ተጻፈው ስም አዩ። «እናቷም ዓሣ ነባሪ አየሁ ብላኝ ታውቃለች፤ ሚኒያፖሊስ ውስጥ» አሉ። «አምኜአታለሁ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ። ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ። ለዚያ ለጌዲዮን ንገረው። ደግሞ በሚቀጥለው ሲደበቅ ሌላ ኮፍያ ያድርግ በለው፤ ዳራርቱ በላከችልኝ ፎቶ ሁሉ ላይ ያደረገው ይህንኑ ቢጫውን ነው።»

እትዬ እታፈራሁ እልል አሉ። ዶኩ ላይ አይስክሬም የሚልሱ ቱሪስቶች ዘወር አሉ፤ አንዲት አሮጊት ነገሩ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አጨበጨበች።

ተዳፋቱን ወጥተን ቤታቸው ገባን። አቶ ጎንፋ መንገዱን ሙሉ ከተማቸውን አስጎበኙን፤ ቡናማው ድንጋይ ከዚህ በመርከብ እየተጫነ ስንት ትልልቅ ከተማ እንደሠራ፣ ቤይፊልድ በዕድሜ አዲስ አበባን በሠላሳ ዓመት እንደምትበልጣት። «ስለዚህ አንቱ በሏት» አሉ። ጋሼ አለልኝ እሺ ብለው ለአንዱ ሕንጻ ባርኔጣ ሳይኖራቸው እጅ ነሱ። ሐይቁን ባሕር ብለው ሲጠሩትም ሰማኋቸው፤ ማንም አላሾፈባቸውም።

በረንዳው ላይ ወደ ውሃው የሚያዩ የእንጨት ወንበሮች ተደርድረዋል። በጭስ የደረቀው ዓሣ በትልቅ ሳህን ቀርቧል።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ጎንፋ።

ጋሼ መገርሳና እትዬ እታፈራሁ ተወረወሩ። ጋሼ አለልኝ ግን ወንበራቸውን ዞሩት። ቀኝ ጎኑን አዩ፣ ግራ ጎኑን አዩ፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ በእጃቸው ዳሰሱ።

«እጀታ የለውም» አሉ አቶ ጎንፋ። «በገዛ እጄ ነው የሠራሁት።»

ጋሼ አለልኝ ቀስ ብለው፣ ሁለት እግራቸውን መሬት ላይ አጥብቀው ተከሉና ተቀመጡ። ዙሪያውን አዩ። ምንም አልተፈናጠረም። ዐይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ።

እኔም ከዳራርቱ አጠገብ ያለውን ወንበር ሳብኩ።

«አንተ የት ነህ?» አሉ አማቼ። «ሸራው እርጥብ ነው፤ ካልተሰጣ ይሻግታል። ቁም።»